ለተራራው በግ የቆመችው ደራሲ፦ ቢያትሪክስ ፖተር

በሐሮ ወንጪ ዙሪያ በተሰለፉት ከፍታዎች በግ ማርባት ከእንሰትና ከገብስ ጋር አብሮ የኖረ ሙያ ነው። ውርጭ የሚችል፣ አቀበት የማይከብደው፣ ግጦሹ በሳሳበት ወራት ጭምር ነፍሱን የሚያቆይ በግ ለደጋው ገበሬ የክፉ ቀን ጥሪቱ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ፣ የልጅ ደብተርና ልብስ ሲያስፈልግ፣ ዓመት በዓል ሲቃረብ ከጉረኖው ተስቦ ወደ ገበያ የሚወጣው እርሱ ነው። የነጋዴ ዓይን ደግሞ የሚያርፈው ፈጥኖ ባደገውና ቁመናው ባማረው ጠቦት ላይ ነው። ስለዚህ ከመንጋው የተሻለው ዘሩን ሳይተካ ለቢላ ይሄዳል፤ ለአውራነት የሚቀረው ገበያ የተወው ይሆናል። ይህ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ዝርያው ሳይታወቅ እየደከመ ይሄዳል።

ምርጡን እንስሳ ለዘር ማስቀረት በየትኛውም አገር ላለ አርቢ ከባድ ፈተና ሆኖ ኖሯል። በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ ተራሮች ሐይቆችን ባቀፉበት ሌክ ዲስትሪክት በተባለው አካባቢ፣ በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች አንዷ ቢያትሪክስ ፖተር ናት። ዓለም የሚያውቃት ፒተር የተባለውን ጥንቸል በፈጠረችባቸው የልጆች መጻሕፍት ነው። የአካባቢዋ ገበሬዎች ግን ወይዘሮ ሂሊስ ይሏት ነበር፤ የሚያስታውሷትም ኸርድዊክ የተባለውን የተራራ በግ ወደ ግብርና ትርኢት እየወሰደች በምትሸለም አርቢነቷ ነው።

የለንደኗ ልጅ

ሔለን ቢያትሪክስ ፖተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1866 በለንደን ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ከጥጥ ንግድና ከጨርቅ ኅትመት በተገኘ ሀብት የሚኖሩ ባለጸጎች ነበሩ። አባቷ በሕግ ሙያ ቢመረቅም አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው ፎቶግራፍ በማንሳት ነበር። በዚያ ዘመን በነበረው ልማድ መሠረት ቢያትሪክስ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በቤት ውስጥ በተቀጠሩ ሴት አስተማሪዎች ተማረች። ታናሽ ወንድሟ በርትራም ለትምህርት ከቤት ሲወጣ እርሷ በሦስተኛው ፎቅ በሚገኘው የልጆች ክፍል ብቻዋን ቀረች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ጓደኞቿ እንስሳት ነበሩ። ጥንቸል፣ አይጥ፣ ጃርት፣ እንሽላሊትና የሌሊት ወፍ እያሳደገች በየቀኑ ትስላቸው ነበር። አንዱ እንስሳ ሲሞት አጥንቱን አጽድታ የአካሉን አሠራር ታጠና ነበር። ኋላ ላይ በትርኢት ሜዳ ቆማ የበግን እግርና የደረት ስፋት በአንድ እይታ ለመመዘን ያበቃት ዓይን የተሳለው በእነዚያ ዓመታት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ ጀምራ ራሷ በፈጠረችው ምስጢራዊ ጽሕፈት የዕለት ማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ ያንን ጽሕፈት ሊፈታ የቻለ ሰው የተገኘው ከሞተች ከ15 ዓመታት በኋላ ነው።

የፖተር ቤተሰብ በየክረምቱ ለሦስት ወራት ያህል ገጠር ይወርድ ነበር። በመጀመሪያ ስኮትላንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ደግሞ ሌክ ዲስትሪክት የማረፊያቸው ስፍራ ሆነ። በዚያ የመጀመሪያ ክረምት፣ በዊንደርሚር ሐይቅ ዳር፣ የአጥቢያው ካህን ሃርድዊክ ሮንስሊ ከቤተሰቡ ጋር ተዋወቀ። ሮንስሊ የሐይቆቹ ዳርቻና ተራሮቹ በባቡር ሐዲድና በግንባታ እንዳይጠፉ የሚሟገት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ናሽናል ትረስት የተባለውን የተፈጥሮና የቅርስ ጥበቃ ተቋም ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። የኸርድዊክ በግ አርቢዎች ማኅበር እንዲቋቋምም ከደከሙት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። የወጣቷ ሠዓሊ ልብ ወደ መሬትና ወደ በግ እንዲያዘነብል ቀድሞ መንገድ ያሳያት ይኸው ካህን ነው።

ቢያትሪክስ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜዋ በፊት የእንጉዳይ ዝርያዎችን በማጥናት ብዙ ደከመች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ሠራች፤ የእንጉዳይ ዘር እንዴት እንደሚበቅልም በራሷ ሙከራ መረመረች። ጽሑፏ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1897 በለንደን ሊኒየን ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ቀረበ። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ ሴቶችን ስለማይቀበል ጽሑፉን ያቀረበላት ወንድ ተመራማሪ ነበር። የሳይንስ በር በዚህ መልክ ሲዘጋባት ፊቷን ወደ ሌላ ሥራ አዞረች።

በመጽሐፍ የተገዛ መሬት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1893 የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ታሞ ተኝቶ ነበር። ቢያትሪክስ ልጁን ለማጽናናት ስለ አንድ አስቸጋሪ ጥንቸል የሚተርክ በሥዕል የተደገፈ ደብዳቤ ላከችለት። ከዓመታት በኋላ ያንን ደብዳቤ ወደ መጽሐፍ ለውጣ ለአሳታሚዎች ስታቀርብ ብዙዎቹ መለሱባት። ተስፋ አልቆረጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። በቀጣዩ ዓመት ፍሬድሪክ ዎርን የተባለው ማተሚያ ድርጅት መጽሐፉን ተቀበለ። ፒተር ጥንቸል በአጭር ጊዜ ውስጥ በእንግሊዝ ልጆች ዘንድ ታወቀ፤ ዛሬ ከሠላሳ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይነበባል። ቢያትሪክስ ገበያ የምታውቅ ሴት ስለነበረች እ.ኤ.አ. በ1903 የጥንቸሉን አሻንጉሊት ራሷ ሠርታ የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበች።

ከአሳታሚው ቤተሰብ አንዱ ከሆነው ከኖርማን ዎርን ጋር በሥራ ሲገናኙ ተዋደዱ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1905 ተጫጩ። ወላጆቿ ግን በንግድ የሚተዳደር ሰው ለልጃችን አይመጥንም በማለት ተቃወሙ። ጋብቻው ሳይፈጸም፣ ከእጮኛነቱ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ኖርማን በደም ካንሰር ሞተ። ሐዘኗ ሳይወጣላት በዚያው ዓመት መገባደጃ ኒር ሶሪ በምትባል መንደር ሂል ቶፕ የተባለውን እርሻ ገዛች። ስፋቱ 34 ኤከር፣ ወደ 14 ሄክታር የሚጠጋ ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ከመጽሐፎቿ ሽያጭና ከአክስቷ ካገኘችው ውርስ ነው።

መጀመሪያ ላይ የመንደሩ ሰው ከለንደን የመጣችውን ያላገባች ሴት በጥርጣሬ ተመለከታት። እርሷ ግን እርሻውን የሚመራላትን ገበሬ አላሰናበተችም፤ ከእርሱ እየተማረች ላም፣ አሳማ፣ ዶሮና በግ ማርባት ጀመረች። ኸርድዊክ በጎችን ወደ ሂል ቶፕ ያስገባችው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። የመጽሐፎቿ ዳራም የእርሻው ቤት፣ የመንደሩ መንገድና የአትክልት ስፍራው ሆነ።

ተጨማሪ መሬት በምትገዛበት ጊዜ የውል ጉዳዮቿን የሚያስፈጽምላት የአካባቢው የሕግ ባለሙያ ዊሊያም ሂሊስ ነበር። ከዓመታት የሥራ ግንኙነት በኋላ ለጋብቻ ጠየቃት። ወላጆቿ አሁንም ተቃወሙ። በዚህ ጊዜ ወንድሟ በርትራም እርሱ ራሱ ከአሥር ዓመት በላይ በምስጢር አግብቶ በስኮትላንድ በግብርና እንደሚኖር ለወላጆቹ ገለጠ፤ ተቃውሞውም ኃይሉን አጣ። ቢያትሪክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1913፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ ሂሊስን አገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በገበያም ሆነ በትርኢት የምትጠራው ወይዘሮ ሂሊስ በሚል ስም ሆነ። የዓይኗ ብርታት እየደከመ ሲሄድ መጽሐፍ መጻፉን እየተወች ኃይሏን ሁሉ ወደ እርሻው አዞረች።

በጉና ተራራው

ኸርድዊክ የሚለው ስም ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የበግ ግጦሽ ስፍራን ያመለክታል። ግልገሉ ሲወለድ ጥቁር ነው፤ ዓመት ሲሞላው ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ሲያረጅ ግራጫ ይሆናል። ፊቱና እግሩ ውርጭ የወረደበት ይመስል ነጭ ነው። ሰውነቱ ትንሽ፣ አጥንቱ ወፍራም፣ ጠጉሩም ሻካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የአካባቢው ተራሮች ከኢትዮጵያ ደጋ ጋር ሲነጻጸሩ ዝቅተኞች ናቸው። የእንግሊዝ ከፍተኛው ተራራ 978 ሜትር ብቻ ሲሆን የወንጪ ተራራ ግን ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ይሁን እንጂ በዚያ የሚወርደው ዝናብ፣ በረዶና ንፋስ ለሌላ በግ የማይቻል ነው። ኸርድዊክ በበረዶ ሥር ተቀብሮ ለቀናት በሕይወት መቆየት የሚችል በግ መሆኑ ይነገርለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን በጉ ቦታውን ማወቁ ነው። ተራራው አጥር የለውም፤ የበርካታ ገበሬዎች መንጋ በአንድ ላይ ይሰማራል። እያንዳንዷ እናት በግ የራሷን የግጦሽ ድርሻ ታውቃለች፤ ግልገሏም ከእርሷ ጋር እየዋለ ያንኑ ስፍራ ይለምዳል። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። መንጋው አንድ ጊዜ ከተሸጠ ይህን ዕውቀት በገንዘብ መልሶ መግዛት አይቻልም። በዚህ ምክንያት በብዙ የተራራ እርሻዎች መንጋው ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተከራዩ ገበሬ ሲለቅ የተረከበውን ያህል በግ ለሚተካው ሰው አስረክቦ ይሄዳል።

በ1920ዎቹ ግን የኸርድዊክ ዕድል ጨልሞ ነበር። ሻካራ ጠጉሩ በዋናነት ለምንጣፍ ሥራ ይውል ስለነበር ሊኖሊየም የተባለው የፋብሪካ ወለል ንጣፍ ሲስፋፋ ዋጋው ወደቀ። ብዙ ገበሬዎች ቶሎ የሚያድግና ለስላሳ ጠጉር ያለው ሌላ ዝርያ ለማስገባት ወይም ለማዳቀል አሰቡ። መሬቱ ራሱም በአደጋ ላይ ነበር፤ ከከተማ የሚመጡ ባለሀብቶች እርሻዎቹን እየገዙ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ይሸነሽኗቸው ነበር። በጉ ያለ ተራራው፣ ተራራውም ያለ በጉ እንደማይቆሙ ወይዘሮ ሂሊስ የተረዳችው በዚህ ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ትራውትቤክ ፓርክ የተባለውን ሰፊ የበግ እርሻ ገዛች። ስፋቱ ወደ 2,000 ኤከር፣ ማለትም ወደ 800 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን በሺህ የሚቆጠሩ በጎች የሚሰማሩበት ነው። የገዛችው ግን የተጎሳቆለ መንጋ ነበር። ረግረጉ የጉበት ትል መራቢያ ሆኖ በጎቹ ይሞቱ ነበር። በዚያ ዘመን የተገኙትን አዳዲስ መድኃኒቶች ለመሞከር አላመነታችም፤ በጎ ልምድ ያላቸውን እረኞችም ከሌላ ከሚከፍለው የተሻለ ደመወዝ እየሰጠች ቀጠረች። በየጸደዩ ለወሊድ ወቅት ብቻ የሚመጣ ልምድ ያለው እረኛ ነበራት። የበጎቹን ቁጥር፣ የግልገሎቹን ሁኔታ፣ የአየሩን ጠባይ አስመልክቶ ከእርሱ ጋር የተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ።

ወደ ትርኢቱ ሜዳ

ከእረኞቿ ሁሉ ስሙ ከእርሷ ጋር ተያይዞ የቀረው ቶም ስቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ገደማ ቀጥራ መጀመሪያ በትራውትቤክ ፓርክ አሠራችው፤ ከዚያም ወደ ሂል ቶፕ አዛውራ ለትርኢት የሚበቃ የኸርድዊክ መንጋ እንዲያቋቁምላት ኃላፊነት ሰጠችው። ስቶሪ በቀላሉ የሚታዘዝ ሰው አልነበረም፤ በበግ ጉዳይ አሠሪው ስትሳሳት ፊት ለፊት ይነግራት ነበር። እርሷም ይህንን ጠባዩን ወደደችለት። አሥራ ሰባት ዓመታት ያህል አብረው ሠሩ።

የመኸር ወራት በሌክ ዲስትሪክት የትርኢት ወቅት ነው። በኬዚክ፣ በሎዝዎተር፣ በኤነርዴል፣ በኤስክዴልና በሆክስሄድ ሸለቆዎች ገበሬው ምርጥ በጎቹን ይዞ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ከጎኑ ትግል፣ የውሻ ሩጫና ገበያ ይኖራል። በትርኢቱ ላይ በጎቹ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ጾታቸው በክፍል ይለያሉ። በልማዱ መሠረት ኸርድዊክ ለውድድር ሲቀርብ ጀርባው በቀይ ቀለም ይቀባል። ዳኛው ጥርሱ በትክክል መግጠሙን ይመለከታል፤ የእግሩን አጥንት ውፍረት፣ የደረቱን ስፋት፣ የራሱን ንጣት፣ የጠጉሩን ጥራትና አቋቋሙን ይመረምራል። መርማሪው በተራራ ላይ የኖረ አርቢ ስለሆነ ለዓይን ብቻ ያማረውን ከሚጠቅመው መለየት ያውቃል። ደካማ እግር ያለው በግ የቱንም ያህል ቢያምር ተራራው ላይ አይከርምምና።

ወይዘሮ ሂሊስ በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ከእረኛዋ ጋር ትታይ ነበር። ልብሷ ከራሷ በጎች ጠጉር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ፣ ጫማዋ የገበሬ ከእንጨት የተሠራ ጫማ ነበር። ዝናብ በዘነበበት አንድ ቀን ጆንያ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ስትሄድ መንገድ ላይ ያገኛት ተንከራታች እንደ እርሱ ቤት የሌላት ሴት መስላው በችግሯ አዘነላት። ያንን ታሪክ ለሰው ስትነግር እየሳቀች ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1930 የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ከቶም ስቶሪና የውኃ አበባ የሚል ስም ከነበራት ተሸላሚ እናት በግ ጋር ያሳያታል። በ1930ዎቹ በአካባቢው ትርኢቶች በእናት በጎች ውድድር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደችው እርሷ ነበረች።

የሽልማቱ ዋጋ ከብር ዋንጫው በላይ ነበር። በትርኢት ያሸነፈች እናት በግ ለሥጋ አትሸጥም፤ በመንጋዋ ትቀራለች፤ ግልገሎቿም በአርቢዎች ይፈለጋሉ። አውራ በጎችን በተመለከተ በአካባቢው የቆየ ጥሩ ልማድ ነበር። በመኸር በሚደረግ የአውራ በግ ገበያ ገበሬዎች ምርጥ አውራ ለክረምቱ ተከራይተው ይወስዱና በጸደይ ለባለቤቱ ይመልሱታል። በዚህ መንገድ የአንድ ምርጥ አውራ ዘር በብዙ ሸለቆዎች ይዳረሳል፤ ባለቤቱም ከመሸጥ ይልቅ ከማቆየት ገቢ ያገኛል። ትርኢቱ ደግሞ ምርጥ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ሁሉም በአንድ ሜዳ ቆሞ የሚስማማበት ሸንጎ ነበር። ዋጋው በወደቀ ዝርያ ላይ ታዋቂዋና ሀብታሟ ሴት ገንዘቧንና ክብሯን ስታውል ያየ ጎረቤትም በራሱ በግ ማፈሩን ይተዋል።

በአርቢዎቹ ማኅበር ውስጥ የነበራት ስፍራ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ ሄደ። ወንዶች ብቻ በሚቀመጡባቸው ስብሰባዎች ተገኘች፤ ሰብሳቢም ሆና መራች፤ በትርኢቶችም ዳኛ እንድትሆን ተጋበዘች። በወጣትነቷ ጽሑፏን ራሷ እንዳታቀርብ የከለከላት የሊቃውንት ማኅበር ነበር፤ በእርጅናዋ ያከበሯት ግን የተራራ ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኸርድዊክ በግ አርቢዎች ማኅበር ለቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣት፤ ለዚህ ኃላፊነት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

ኑዛዜው

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መሬት መግዛቷን አላቆመችም። እ.ኤ.አ. በ1927 በዊንደርሚር ሐይቅ ዳር ያለ መሬት ለግንባታ ሊሸጥ ሲል ሥዕሎቿን በእጇ እየሠራች ለአሜሪካ አንባቢዎቿ በመሸጥ ለመግዣው ገንዘብ አሰባሰበች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞንክ ኮኒስተን የተባለው ሰፊ ርስት ለሽያጭ ሲቀርብ ተቆራርጦ እንዳይበታተን ሙሉውን ገዛችው። ግማሹን ያህል በገዛችበት ዋጋ ለናሽናል ትረስት አስተላለፈች፤ ተቋሙ ሠራተኛ እስኪያገኝም ለዓመታት ርስቱን ራሷ አስተዳደረችለት። የጣሪያ ጥገና፣ የአጥር ድንጋይ፣ የተከራይ ገበሬ አቤቱታ ሁሉ በእርሷ እጅ ያልፍ ነበር።

ቢያትሪክስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1943፣ በሰባ ሰባት ዓመቷ፣ የማኅበሩን ፕሬዚዳንትነት ሳትረከብ ሞተች። ሐውልት እንዲቆምላት አልፈለገችም። አመዷን በተራራው ላይ የበተነው ቶም ስቶሪ ነው፤ ስፍራውን ለሕዝብ አልተናገረም።

ለናሽናል ትረስት የተወችው ከ4,000 ኤከር በላይ፣ ማለትም ወደ 1,600 ሄክታር የሚጠጋ መሬትና ከአሥር የሚበልጡ እርሻዎች ናቸው። ኑዛዜዋ ግን መሬት በማስረከብ ብቻ አላበቃም። በተራራ እርሻዎቿ ላይ ያሉት መንጋዎች ንጹሕ ኸርድዊክ ሆነው እንዲቀጥሉ አዘዘች። መሬቱን የሚቀበል ሁሉ በጉንም ይቀበላል ማለት ነው። ገበሬው፣ በጉና ተራራው በአንድ ሰነድ ታሰሩ።

ያ ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የአፍተግር በሽታ ሲነሳ ኸርድዊክ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ዝርያው በሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ በአንድ አካባቢ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ አደጋው የመጥፋት አደጋ ነበር። ከቦታቸው ጋር የተያያዙት መንጋዎች በመትረፋቸው ዝርያው እንደገና አንሰራራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ ሌክ ዲስትሪክትን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበውም በውበቱ ብቻ አይደለም፤ እረኞችና በጎች ለዘመናት የቀረጹት የባህል መልክዓ ምድር በመሆኑ ጭምር ነው።

ለምዕራብ ሸዋ የሚተርፈው

ይህ ሕይወት ለደጋው የሸዋ አርቢ እንግዳ አይደለም። ሐሮ ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። ጎብኚ በፈረስ ተቀምጦ ወደ ሐይቁ ሲወርድ የሚያየው ውኃውን ብቻ አይደለም። የእንሰቱ ጓሮ፣ የገብሱ ማሳና በዳገቱ ላይ የሚግጠው መንጋ የዚያ እይታ አካል ናቸው። እነዚህ ከሌሉ ሐይቁ ቢቀርም መልኩ ይጎድላል።

የበግ ዝርያን በተመለከተም አገሩ የራሱ ሀብት አለው። በአምቦና በነቀምቴ መካከል በሚገኘው የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ መንታ በመውለድ የሚታወቀው የሆሮ በግ ለረጅም ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። አምቦ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1947 በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። በአንድ ወቅት በኢትዮጵያ የበግ ማሻሻያ ዋነኛ ተስፋ ከውጭ በሚመጣ ዝርያ ላይ ተጥሎ ነበር፤ በደብረ ብርሃን የመንዝ በግ አዋሲ ከተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ዝርያ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን በሆሮ፣ በመንዝ፣ በቦንጋና በአፋር አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው የራሳቸውን ዝርያ ከውስጡ እየመረጡ የሚያሻሽሉበት ሥራ ተጀመረ። የግልገሉ ክብደት ይመዘገባል፤ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት በአርቢዎች ይታያል፤ የተመረጠው ለአውራነት ይቀርና በጋራ ይጠቀሙበታል።

ሥራው የሚከብደው በበዓል ዋዜማ ነው። ገዢ ገንዘቡን ይዞ በር ላይ ሲቆም ምርጡን ጠቦት አልሸጥም ማለት ለአንድ ደሃ አባወራ ቀላል አይደለም፤ ወይዘሮ ሂሊስ የመጽሐፍ ገቢ ነበራት፣ እርሱ የለውም። ስለዚህ ጎረቤቶች አንድ ላይ ቆመው ምርጡ የትኛው እንደሆነ ሲስማሙ፣ ያስቀረው አርቢ በአደባባይ ሲከበርና ከአውራው አገልግሎት ድርሻውን ሲያገኝ ብቻ ያ ጠቦት በጉረኖው ያድራል። የሌክ ዲስትሪክት ትርኢቶች የሠሩት ሥራ ይኸው ነበር። የወይዘሮ ሂሊስ ሥዕሎች ዛሬ በሙዚየም ይታያሉ፤ በጎቿ የነበሩባቸው መንጋዎች ግን አሁንም በየዓመቱ በጸደይ ይወልዳሉ፤ ጥቁር ሆኖ የተወለደው ግልገልም እናቱን ተከትሎ ድርሻው ወደሆነው ዳገት ይወጣል።